ስሜን ተራሮችን በእግርና በጭነት በቅሎ፦ ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን

«ስንት በቅሎ እንከራይ? ምኑን በቅሎዋ ትያዝልን፣ ምኑን በጀርባችን እንያዝ?» ስሜን ሊወጣ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ጥምቀትን ጎንደር አክብረው በዚያው ወደ ተራራው መውጣት የሚፈልጉ፣ ከውጭ የሚገቡ ወገኖቻችን ደግሞ ጥያቄውን የሚልኩት ሻንጣቸውን ከዘጉ በኋላ ነው። ስለዚህ መልሱን ከደባርቅ ተነስቶ ራስ ደጀን ደርሶ ለሚመለስ ሰው በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ሌላ መስመር ብትመርጡም፣ በበቅሎ ፋንታ የጭነት ፈረስ ብታገኙም የጭነቱ ሥርዓት ያው ነው።

መንገዱ ባጭሩ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተለመደው የስድስት ቀን ጉዞ እንዲህ ነው፦

1ኛ ቀን፦ ከደባርቅ እስከ ቡይት ራስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር እስከ ሳንቃበር (3,250 ሜትር)።
2ኛ ቀን፦ በጅንባር ፏፏቴ በኩል እስከ ግጭ (3,600 ሜትር)።
3ኛ ቀን፦ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ወጥቶ፣ የገደሉን አፋፍ ይዞ እስከ ጨነቅ (3,620 ሜትር)።
4ኛ ቀን፦ በቧሂት በር (4,200 ሜትር ያህል) ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ (2,800 ሜትር ያህል) ወርዶ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ (3,200 ሜትር)።
5ኛ ቀን፦ ራስ ደጀን (ከ4,500 ሜትር በላይ) ደርሶ ወደ አምቢቆ መመለስ።
6ኛ ቀን፦ ወደ ጨነቅ መመለስ፣ ከዚያ በመኪና ደባርቅ።

ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ያላችሁ ጨነቅ ላይ አቁሙ። ከጭላዳውም፣ ከዋልያውም፣ ከገደሉም የሚበዛው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ብዙ አይቀርባችሁም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

በጀርባችሁ የምትይዙት (ከ5 እስከ 7 ኪሎ፣ ከዚያ አይብለጥ)፦
- 2 ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ ቆሎ
- የዝናብ ካፖርትና አንድ ሙቅ ልብስ
- ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት
- የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ
- የግል መድኃኒት፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ፊሽካ
- መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ዝርዝር ብር

በቅሎ ላይ የሚጫን፦
- ድንኳን፣ ከ10 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ (ማለትም ከዜሮ በታች 10) የሚችል ስሊፒንግ ባግ፣ የወለል ፍራሽ
- ቅያሪ ልብስ፣ ጋቢ (ለምሽት ከጋቢ የሚሻል ነገር አላየሁም)
- ምግብ፣ ድስት፣ ቡታጋዝና ላምባ፣ ባዶ ጀሪካን
- በድርብ ላስቲክ የተጠቀለለ መለዋወጫ ካልሲና የውስጥ ልብስ

ለጭነቱ፦
- አራት ወይም አምስት ጠንካራ ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ለእያንዳንዱ ሁለት በቅሎ
- ከጭነቱ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ (ባለበቅሎዎቹ የራሳቸው አላቸው፤ መኖሩን ግን እዩ)
- መጫኛና አንድ ትርፍ ገመድ
- ትልቅ የዝናብ ሸራ
- በእጅ የሚንጠለጠል ሚዛን
- ለበቅሎዎቹ ገብስ

ሚዛኑን «ይህስ ይቅር» እያሉ የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ከዝርዝሩ ሁሉ በዋጋው ትንሹ፣ በጥቅሙ ግን ትልቁ እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ።

ደረጃ 1፦ መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት የጎንደር–ደባርቅ መንገድ ሁኔታ በየጊዜው ይለዋወጣል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ በምትነሡበት ሳምንት እንደገና ጠይቁ። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ ለዛሬ አይሠራም። መንገዱ አያስተማምንም ከተባላችሁ ጉዞውን አራዝሙት።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጥሩ ነው። ጥቅምት ላይ መስኩ አበባ ነው፣ ምድሩም ገና አረንጓዴ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳናችሁ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አትሂዱ፤ ጭቃው በቅሎዋን ያንሸራትታል፣ መሸሃም ይሞላል።

ደረጃ 2፦ ደባርቅ ላይ ተመዝገቡ፣ ሰውና በቅሎ ያዙ

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው ደባርቅ ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት (ጠባቂ) ሳይዙ ወደ ፓርኩ መግባት አይቻልም። አስጎብኚና ምግብ አብሳይ እንደ ፍላጎታችሁ ነው፤ ቋንቋውን ብታውቁም አስጎብኚ ብትይዙ ግን እመክራለሁ፤ ጉም ሲወርድ የገደሉን አፋፍ የሚያውቀው እሱ ነው። በቅሎዎቹ ከነባለቤቶቻቸው በተራ ይመደባሉ።

ዋጋው ስለሚቀያየር እዚህ አልጠቅስም። ከመስማማታችሁ በፊት ግን እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ፦

- የበቅሎዋና የባለበቅሎው ሒሳብ ለየብቻ ነው ወይስ አንድ ላይ?
- የመመለሻው ቀን ይከፈልበታል? ጉዟችሁን ጨነቅ ላይ ጨርሳችሁ በመኪና ብትመለሱ በቅሎዎቹ ግን በእግራቸው ነው ደባርቅ የሚገቡት፤ ያ ቀን ደግሞ ይከፈላል። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።
- የሠራተኞቹ ስንቅ በማን ነው? የራሳቸውን ቢይዙም ማዕድ መጋራት ወግ ነው፤ ስለዚህ ስትሸምቱ እነሱንም ቆጥራችሁ ሸምቱ። ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙም አትርሱ።

በዕድሜ የገፉ ባለበቅሎ ካጋጠሟችሁ «አንተ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ጋሼ» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ሰው ስለ በቅሎዋ እውነተኛውን ይነገረዋል።

ደረጃ 3፦ ጭነቱን በኪሎ አስሉ

ለአንድ በቅሎ ከ40 እስከ 50 ኪሎ በቂ ነው፤ እኔ 45 ብዬ ነው የማሰላው። ምክንያቱም የጭነት ከብት ቀኑን ሙሉ በዳገት ሲሄድ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ በላይ መሸከም የለበትም፤ የኛ አገር በቅሎ ደግሞ ትንሽ ናት። «እሷ እኮ ኩንታል ትሸከማለች» የሚላችሁ አይጠፋም። ከገበያ እስከ ቤት ትሸከም ይሆናል፤ ቧሂትን ግን አይደለም።

አራት ተጓዦች፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ስካውትና ሁለት ባለበቅሎ ለስድስት ቀን ሲወጡ ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

- የአራቱ ሰዎች የግል ዕቃ፣ ለአንዱ 10 ኪሎ፦ 40
- ሁለት ድንኳን፦ 6
- ምግብ ለ8 ሰው፣ በቀን 700 ግራም፣ 6 ቀን፦ 34 ያህል
- ድስት፣ ቡታጋዝ፣ ሌላ የማዕድ ቤት ዕቃ፦ 12
- 5 ሊትር ላምባ፦ 4

ድምሩ 96 ኪሎ ነው። ሁለት በቅሎ 90 ይይዛሉ፤ ስድስት ኪሎ ተረፈች። አብዛኛው ሰው «ስድስት ኪሎ ምን አላት» ብሎ ሁለት በቅሎ ይዞ ይወጣል። ሦስት ያዙ። ገብሱም ጭነት ነው፤ ለሦስት በቅሎ በቀን ሁለት ሁለት ኪሎ ብትይዙ ለስድስት ቀን 36 ኪሎ ይሆናል፣ ሦስተኛዋ በቅሎ የምትተርፈውም ለዚያው ነው። ምግቡና ገብሱ በየቀኑ ስለሚቀንስ አራተኛው ቀን ላይ አንዷ በቅሎ ባዶዋን ለመሄድ ትቃረባለች። እግሩ የተጎዳ ወይም ከፍታው የያዘው ሰው ቢኖር ያን ጊዜ መቀመጫ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዷ ኮርቻ የለመደች እንድትሆን ከመነሻው ጠይቁ፤ ጭነት እንጂ ሰው ተሸክማ የማታውቅ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ መሞከሪያ አይደለችም።

በቅሎ ሳትይዙ ሁሉን በጀርባችሁ ለመሸከም ካሰባችሁ ቦርሳችሁ ከራሳችሁ ክብደት ሩቡን እንዳያልፍ። የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ ይሁን፤ ቀበቶው የዳሌያችሁ አጥንት ላይ ካረፈ ክብደቱን እግር ይሸከመዋል፣ ካላረፈ ግን ትከሻችሁ እስከ ግጭ አያደርሳችሁም።

ደረጃ 4፦ በቅሎዋን እዩ

ይህንን ከመጫናችሁ በፊት፣ ምንጣፉ ሳይነጠፍ አድርጉት። ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ አይቀየምም።

- በመዳፋችሁ ከማጅራቷ ጀምራችሁ እስከ ሽንጧ ጀርባዋን ጫን እያላችሁ ዳብሱ። ከሸሸች፣ ከተኮማተረች ወይም ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች ሥሩ ያማታል።
- ያልሻረ ገጣባ (ጭነት የፈገፈገው ቁስል) ካለ አትውሰዱ። ነጭ ጠጉር ያበቀለ ጠባሳ የዳነ ቁስል ነው፤ ያ ችግር የለውም፣ ምንጣፉ ግን እዚያ ላይ እጥፋት እንዳይኖረው።
- ጥቂት እርምጃ ይንዷት። ራሷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ከሄደች ታነክሳለች።
- ኮቴዋ መሰንጠቁን፣ በመሐሉ ድንጋይ መሰካቱን እዩ።

ይህ ሁሉ ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው ቀን አልጫንም ያለች በቅሎ ጭነቷን ለቀሩት ሁለቱ ታካፍላለች፣ ወይም ለእናንተ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኋላዋ አትቁሙ፣ ከኋላዋም አትጠጉ። በግራ ትከሻዋ በኩል፣ ድምፅ እያሰማችሁ ቅረቡ።

ደረጃ 5፦ አጫጫን

መጫኑ የባለበቅሎው ሥራ ነው። ዕቃውን ከፋፍሎና አሽጎ ማቅረብ ግን የእናንተ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት የሚያባክነውም፣ በመንገድ ላይ ጭነት የሚያስጥለውም በአብዛኛው ያልተስተካከለ አስተሻሸግ ነው።

1. የእያንዳንዷን በቅሎ ጭነት በሁለት ማዳበሪያ እኩል ክፈሉ። በሚዛን መዝኑ፤ ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ሦስት ኪሎ ቢበልጥ ዓይን አይለየውም፣ በቅሎዋ ግን በየእርምጃዋ ትለየዋለች፦ የከበደው ጎን ወደ ታች ይስባል፣ ምንጣፉ አብሮ ይሸሻል፣ መጫኛው አከርካሪዋን ይፈገፍጋል፣ ማታ ሲራገፍ ጀርባዋ ተልጦ ታገኙታላችሁ። በቃ፣ ገጣባ የሚባለው እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሚዛኑ በእጃችሁ ከሌለ ሁለቱን ማዳበሪያ በአንድ እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላችሁ እንጨቱን መሐሉ ላይ አንሡት።

2. ከባዱን ዕቃ ከማዳበሪያው ታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርጉ። ክብደቱ ከፍ ካለ ጭነቱ ይወዛወዛል፣ ዳገት ላይም ወደ ኋላ ይጎትታታል።

3. ወደ ሰውነቷ የሚዞረው ጎን ለስላሳ ይሁን። ልብስና ስሊፒንግ ባግ በውስጥ በኩል፣ ድስትና ቆርቆሮ በውጭ በኩል። የማዳበሪያውን የውጭ ጎን በቀለም ወይም በክር ምልክት አድርጉበት፤ ሁልጊዜ በጨለማ ስለሚጫን ምልክት ከሌለው ይገለበጣል።

4. ምንጣፉ ሲነጠፍ ከማጅራቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ተቀምጦ ወደ ኋላ ይጎተት፤ ጠጉሯ በተኛበት አቅጣጫ ይተኛል። ወደ ፊት ከተገፋ ጠጉሯ ይቆምና ይፈገፈጋል። ከሥሩ ሣር፣ እሾህ፣ የደረቀ ጭቃ አለመኖሩን በእጅ ፈትሹ።

5. ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ ሁለቱን ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ያንሣ። አንዱ ቀድሞ ከተንጠለጠለ ምንጣፉን ይዞት ይሄዳል። ጭነቱ የሚያርፈው ጎድኗ ላይ ነው፤ ወደ ሽንጧ አይሽሽ፣ ጎድን የማይደግፈው ወገቧ ክብደት አይችልም።

6. መጫኛው በሆዷ ዞሮ ሲጠብቅ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። በቅሎ ስትጫን ሆዷን ትነፋለች፤ ከተነሣችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግድ ላላ ይላል። ስለዚህ ቆም ብሎ እንደገና ማጥበቅ አለ፤ ባለበቅሎው ሲያቆማት «ገና ሳንጀምር» ብላችሁ አታጉረምርሙ።

7. ድንኳኑና ፍራሹ ከላይ በመሐል ይቀመጣሉ። ላምባው ቀጥ ብሎ በውጭ በኩል፣ ምግብ በሌለበት ማዳበሪያ ጎን ይታሰር፤ ጤፍ ዱቄት ላይ የፈሰሰ ላምባ የስድስት ቀን ምግብ ያጠፋል። ሸራው ሁሉን ይሸፍን። የሚንጠለጠልና የሚንኳኳ ነገር አይኑር፤ የብረት ኩባያ ድምፅ በቅሎ ያስበረግጋል።

ደረጃ 6፦ በጀርባ የሚቀረውን አትርሱ

በቅሎዎቹ ሁልጊዜ በእናንተ መንገድ አይሄዱም። በተለይ በሦስተኛው ቀን እናንተ በእሜት ጎጎ በኩል ስትዞሩ እነሱ በአቋራጭ ወደ ጨነቅ ያቀናሉ፤ እስከ ማታ አትገናኙም። ዝናብ ካፖርቱ በቅሎ ላይ ከሆነ ውርጅብኙ እናንተን ነው የሚያገኘው። በዚያ ከፍታ ላይ የረጠበ ሰው በነፋስ ሲመታ ፀሐይ ባለበት ቀን እንኳ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። መድኃኒትም፣ ገንዘብም፣ ስልክም በቅሎ ላይ አይጫንም።

ደረጃ 7፦ ከበቅሎ ጋር አካሄድ

ጠባብ መንገድ ላይ በቅሎ ሲያልፍ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ተጠግታችሁ ቁሙ። በቅሎዋ የጭነቷን ስፋት አትገምትም፤ ማዳበሪያው ገፍቶ ይጥላችኋል። ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይህንን አስታውሱ።

ገመዷን የምትስቡት እናንተ ከሆናችሁ በእጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ አጥፋችሁ ያዙት። ብትበረግግ ትለቋታላችሁ፣ ከተጠመጠመ ግን ይዛችሁ ትሄዳለች። በቅሎዎቹን እርስ በርስ ማሰር ሜዳ ላይ ይሠራል፣ ገደል ላይ አይሠራም፦ አንዷ ከተንሸራተተች ሁሉንም ትወስዳለች።

በበቅሎ ወይም በፈረስ የምትጓዙ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ውረዱ። ከቧሂት በር እስከ መሸሃ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ የሰው ክብደት በፊት እግሮቿ ላይ ተጭኖ ያንን መውረድ ለሷም ለእናንተም አደጋ ነው። የመሸሃን ወንዝ ስትሻገሩ ጫማችሁን አታውልቁ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል።

ደረጃ 8፦ ከፍታውን አትሽቀዳደሙት

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የምትኖሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለኖራችሁ ትንሽ ቀድማችኋል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን የምትመጡ ግን ደማችሁ ዝቅተኛ ቦታ የለመደ ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅ (2,850 ሜትር ያህል) አንድ ሌሊት አድራችሁ ውጡ። ተወልጄ ያደግሁት ደጋ ነው ማለት አያድንም፤ ለብዙ ዓመት ቆላ የኖረ ሰው የትም ይወለድ እንደ ማንም ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ከላይ ያለው መስመር ይህንን ይጠብቃል፤ ቸኩላችሁ በመኪና ከጎንደር በቀጥታ ጨነቅ የምታድሩ ግን ትጥሱታላችሁ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው፤ በዚያው ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ እስኪሻላችሁ ከፍ አትበሉ። ዳያሞክስ የሚባለውን መድኃኒት ለመውሰድ ካሰባችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ጠዋትን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት አውርዱት። ሳንቃበርና ጨነቅ መኪና ይደርሳል። ከጨነቅ ወዲያ በምትሄዱበት የእግር መንገድ ግን አምቡላንሷ በቅሎዋ ናት፤ ኮርቻ የለመደች በቅሎ ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው። ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ።

ደረጃ 9፦ ሰፈር ስትደርሱ

መጀመሪያ በቅሎዎቹ ይራገፉ። መጫኛው ከተፈታ በኋላ ምንጣፉ ጥቂት ይቆይ፤ ላብ ያለበት ጀርባ በቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት መጋለጥ የለበትም። ምንጣፉ ሲነሣ አብራችሁ እዩ፦ ላቡ ወጥ ከሆነ ደህና ነው፤ በላቡ መሐል ደረቅ ቦታ ካለ ጭነቱ እዚያ ላይ ተጭኖ ደም ከልክሏል ማለት ነው፣ ነገ ምንጣፉ ይስተካከል።

ሌሊት ጅብ አለ። በቅሎዎቹ ከሰው ራቅ ብለው አይታሰሩ፤ ባለበቅሎዎቹ ይህንን ያውቃሉ፣ የእናንተ ድርሻ ድንኳን ስትተክሉ ለእነሱ ቦታ መተው ነው። በመሄጃቸው በኩል የድንኳን ገመድ አትዘርጉ፣ ይደናቀፉበታል።

ምግብ። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሽንብራና ባቄላ ለመብሰል እጅግ ብዙ ሰዓት ይፈጃሉ፣ ላምባውም ያልቃል። ሽሮ፣ ሩዝ፣ ቀድሞ የተነከረ ምስር ክክ ይሆናል። ለቁርስ በሶ፣ ለመንገድ ቆሎና ጭኮ፤ ሳይጣድ የሚበላ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ለክብደቱም ጉልበት የሚሰጥ ነው። እንጀራ ለሁለት ቀን ብቻ ያዙ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በድርቆሽ ወይም በዳቦ ቆሎ ሙሉት።

ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ምንጩ ንጹሕ ቢመስልም ከላይ ከብት ይውልበታል።

ለማገዶ ብላችሁ አስታ (የደጋውን ቁጥቋጦ) አትቁረጡ፤ ክልክል ነው፣ በዚያ ብርድ የሚያድገውም እጅግ በዝግታ ነው። ምግብ ከድንኳን ውጪ አታሳድሩ፣ ቁራው ቦርሳ መክፈት ያውቃል። ለጭላዳ ምንም አትስጡ። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ የውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ይተላለፋል፣ የቀሩት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቡታጋዝ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አትለኩሱ። ጭሱ ባይታይም ያፍናል።

ስልክና ባትሪ ከእናንተ ጋር ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር፣ ቅዝቃዜው ኃይሉን ያወርደዋል።

ደረጃ 10፦ የራስ ደጀን ቀን

ከአምቢቆ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሡ። ደርሶ መልሱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ዘግይታችሁ ከተነሣችሁ የከሰዓቱ ጉም ጫፉ ላይ ያገኛችኋል፣ ቁልቁለቱንም በጨለማ ትወርዱታላችሁ። ድንኳኑና ጭነቱ አምቢቆ ይቆይ፣ ሁለት በቅሎ ይረፉ፣ ባለኮርቻዋ ብቻ ትከተላችሁ። ጫፉ አጠገብ ድንጋይ መቧጠጥ አለ፤ በቅሎዋ እዚያ አትደርስም፣ ከታች ትጠብቃለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ የትም ብትሆኑ ተመለሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- አዲስ ጫማ። ቢያንስ አንድ ወር ከተማ ውስጥ ረግጣችሁ አለስልሱት። ጣት የሚጨፈልቀው ዳገቱ አይደለም፣ የመሸሃ ቁልቁለት ነው፤ ጥፍራችሁንም ከመነሣታችሁ በፊት ቁረጡ።
- ጎማ ያለው ሻንጣ ይዞ መምጣት። በቅሎ ላይ አይታሰርም፣ ማዕዘኑም ጎድኗን ይወጋል። ዕቃውን ማዳበሪያ ውስጥ ገልብጡት፣ ሻንጣውን ደባርቅ ተዉት።
- የጋዝ ቆርቆሮ ከውጭ አመጣለሁ ማለት። አውሮፕላን አያስገባም። ላምባ ያዙ።
- ድንኳኑን ከሁሉ በታች ማሸግ። ዝናብ ይዟችሁ ሰፈር ስትደርሱ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው።
- በመንገድ ላይ «ይቺን ያዝልኝ» እያሉ በአንዱ ጎን ዕቃ መጨመር። ጠዋት የተመዘነው ሚዛን በአንድ ጃኬትና በአንድ የውሃ ጠርሙስ ይፈርሳል። መጨመር ካለባችሁ ከላይ በመሐል ይሁን።
- የሠራተኞቹን ሒሳብ ጨነቅ ላይ መኪና እየጠበቀ፣ በጥድፊያ መክፈል። ከዋዜማው ማታ አምቢቆ ላይ ተቀምጣችሁ ከነመመለሻው ቀን አስሉት፤ ጉርሻውንም ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡ፣ በአንድ ሰው በኩል አይደለም። ዝርዝር ብር ያዙ ያልኩት ለዚህም ነው።